የአቶ ሳንታቢር ራይን ዕረፍትና ከመዝገብ የተሰረዘው ስማቸው መመለሱን ስለማስታወቅ

ለሲምሌ ባዛር የሸክም ሠራተኞች ማኅበር አባላት በሙሉ፤ በእግር መንገዱ ዳር ለምትኖሩ የማረፊያ ቤት ባለቤቶች፤ በሸለቆው ለምትሠሩ የጉዞ አስተናጋጆች፤ እንዲሁም ለሟች ባለቤት ለወይዘሮ ሱክማያ ራይና ለልጃቸው ለፑርኒማ። ይህ መግለጫ ስለ ሁለት ነገር ተጽፎላችኋል። አንደኛው ሞትን ለማርዳት ነው። ሁለተኛው ማኅበራችን በአደባባይ የፈጸመውን በደል በዚያው በአደባባይ ለማረም ነው።

አቶ ሳንታቢር ራይ በአገራችን የቢክራም አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ ናቸው) ማግ 11 ቀን 2068 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ ለሁለት ዓመት ባሠቃያቸው የሳንባ ሕመም ምክንያት፣ በስድሳ አምስት ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው ዐርፈዋል። ማኅበራችን በዕረፍታቸው መሪር ሐዘን ተሰምቶታል። ይህን ቃል የምንጽፈው ልማድ ስለሆነ አይደለም፤ ልማዱማ እሳቸውን አይጨምርም ነበር። በደንባችን መሠረት አስከሬኑ በማኅበሩ ትከሻ የሚወጣው ስሙ በመዝገብ ላይ ያለ ሰው ብቻ ነው። የአቶ ሳንታቢር ስም ደግሞ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ተሰርዟል። ቀብራቸው ነገ ረፋድ ላይ ስለሆነ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ዛሬ ማለዳ ተሰብስቦ ወስኗል። ውሳኔው ከነምክንያቱ ከዚህ በታች ይገኛል።

አቶ ሳንታቢር በ2018 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ቅርጫት ጨው አዝለው ወደ ናምቼ ገበያ ወጡ። ያን ጊዜ መንገድ ማለት እግር ነበር። ሠላሳና አርባ ሰው በአንድ ሰልፍ ሲወጣ ከታች ያለው መንደር የሸካሚዎቹን ዱላ ድምፅ ሰምቶ ውሃ ይጥድ ነበር። በየአቀበቱ አናት በፒፓል ዛፍ ሥር የድንጋይ መደብ ነበረ። እዚያ የደረሰ ሁሉ፣ ጎሣው ታማንግ ይሁን ራይ ወይም ከካህናት ወገን ብራህሚን፣ ጀርባውን ለዚያው ለአንዱ ድንጋይ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ሣር የበላውን ያን መንገድ ያየ ወጣት ይህን ላያምን ይችላል፤ እኛ ግን ነበርን።

በ2034 ዓ.ም. ማኅበራችንን ከመሠረቱት ዐሥራ አንድ ሰዎች አንዱ ነበሩ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለሃያ አምስት ዓመት ለአዳዲስ አባላት የአሸካከም ሥርዓት አስተምረዋል። ናምሎው፣ ማለትም ከቅርጫቱ ሥር ተነሥቶ በራስ ላይ የሚያርፈው ማንገቻ፣ ከፀጉር መነሻ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት ይሉ ነበር፤ ያን ጊዜ ክብደቱ በአከርካሪ ቀጥ ብሎ ወደ ዳሌ ይወርዳል፤ ወደ ቅንድብ ከተንሸራተተ ግን አንገት ብቻውን ከሸክሙ ጋር ይቀራል። በቁልቁለት ጉልበት አይገተርም። እርምጃ አጭር ይሁን፤ እግር በሙሉ መዳፉ ይረፍ። የሚያርፈውም የደከመ ሰው አይደለም፤ ሊደክም ያለ ሰው ነው፤ እሱም ቅርጫቱን ከኋላ በዱላው አስደግፎ፣ ሳያወርድ፣ ቆሞ ይተነፍሳል። ይህን ትምህርት በሥርዓቱ ከያዙት መካከል በሥራ ላይ እያለ ጀርባው የተጎዳ አንድም ሰው በመዝገባችን የለም።

በ2058 ዓ.ም. የሰው አካል እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚያጠኑ አንዲት የውጭ አገር ተመራማሪ ከረዳቶቻቸው ጋር ወደ ሲምሌ መጡ። የምንተነፍሰውን አየር የሚለካ ጭንብል፣ የእግራችንን ጫና የሚመዘግብ ሰሌዳና ትልቅ ሚዛን ይዘው ነበር። አቶ ሳንታቢር ከማኅበሩ ተወክለው አብረዋቸው ሠሩ፤ በአስተርጓሚም ብዙ ተማሩ። የእግር ውስጠኛው ቅስት እንደ ደጋን ተለጥጦ እንደሚመለስ፣ ከተረከዝ በላይ ያለው ወፍራም ጅማት የእያንዳንዱን እርምጃ ጉልበት አጠራቅሞ ለሚቀጥለው እንደሚያበድር፣ የሰው ልጅም በጥንት ዘመን በሁለት እግሩ የቆመው እጁን ለሸክም ነጻ ለማድረግ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት እንዳሉ ነገሩን። ይህን መግለጫ የምጽፈው እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ሎክናት ዳሃል በልጅነቴ በሳንስክሪት የሃይማኖት ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝና የመጨረሻውን ነገር አልተቀበልሁም። በመደቡ ላይ በሰው ሁሉ ፊት፦ «ታዲያ አያትህ ዝንጀሮ ነበሩ?» አልኋቸው።

«የኔ አያት እንጃ፣ ባጄ፤» አሉኝ፣ ብራህሚን በሚጠራበት ስም። «ልዩነቱን ግን ነግረውኛል። ዝንጀሮ ያገኘውን እዚያው በልቶ ይተኛል። ሰው ለሚስቱ ተሸክሞ ይመጣል።»

«የሚሸከም ሁሉ ሰው አይደለም፤» አልሁ።

«ልክ ነህ፤ በቅሎም አለች፤» ሲሉ መደቡ ሁሉ በሳቅ አለቀ። በዚያ ጉዳይ ዛሬም አቋሜን አልለወጥሁም። ሳቁ ግን ይናፍቀኛል።

ቀጥሎ የሚነገረው ለማኅበሩ ክብር የሚሆን አይደለም፤ ሆኖም እውነት ነው። ከልኬቱ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ አባላት ከወንዙ ዳር ተሰብስበው በየቅርጫታቸው ሥር ድንጋይ ይጨምሩ ነበር። ምክንያቱ ስም ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የጎረቤታችን የማሎ ሸለቆ ሰዎች ተመዝነው ነበርና።

«ማሎዎች ሰማንያ ኪሎ ተሸክመው ታዩ አሉ።»

«ማሎ? እነሱ ዘንድ እኮ የሚሸከሙት ሚስቶቻቸው ናቸው፤ ወንዶቹ ዘፈኑን ነው የሚይዙት!»

«እንግዲያው ከእነሱ አንሰን ልንገኝ ነው? ዳይ፣ አንተ ታላቄ ነህ፣ እስቲ ያቺን ጠፍጣፋዋን አቀብለኝ።»

«ኧረ ቀስ በሉ፣ ወንዙን ባዶውን ልታስቀሩት ነው!»

እኔም ቆሜ አየሁ፤ ሳቅሁም። ድንጋይ ያልጨመሩት አቶ ሳንታቢር ብቻ ነበሩ። «ሚዛኑን ትሸውዱታላችሁ፤ ቁልቁለቱን ማን ይሸውደዋል?» ብለው ሄዱ። ልኬቱ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ስለማይወጣ ለዚያች አጭር መንገድ ሁሉም ቻለው። የሲምሌ ሰው የራሱን ክብደት እጥፍ የሚጠጋ፣ ዘጠና ኪሎ እንደሚሸከም ተጻፈ። በዚያ ሳምንት የባዛሩ ጠላ ቤቶች አልበቁንም።

ከጥቂት ወራት በኋላ የጉዞ አስተናጋጆች ያንን ጽሑፍ ይዘው መጡ። ከዚያ በፊት ስልሳ የነበረው ሸክም ሰማንያ፣ ከዚያም ዘጠና ሆነ። ከወኪሎቻቸው አንዱ ለአባላችን ለአቶ ጋንጋራም ማጋር እንዲህ ሲል ሰምቼዋለሁ፦ «ሳይንስ ዘጠና ትችላለህ ይልሃል፤ አንተ ስልሳ ነው የምችለው ትላለህ። ማንን ልመን?» አቶ ጋንጋራም ዘጠናውን ተሸክመው ሄዱ፤ ከላይኛው ድልድይ ቁልቁል ሲወርዱ ወድቀው ጉልበታቸው ተሰበረ። ዛሬም በሁለት ዱላ ነው የሚሄዱት። በዚያ ክረምት ሌሎች አራት ሰዎች በጉዳት ሥራ አቆሙ። ማኅበሩ ይህን ሁሉ እያየ ዝም አለ፤ አፉን ከከፈተ ድንጋዩ ይወጣልና።

በ2059 ዓ.ም. አቶ ሳንታቢር አራት ቀን በእግር፣ አንድ ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው ወደ ዋና ከተማው ወረዱ። ተመራማሪዋን አግኝተው እውነቱን ነገሯቸው። ተመራማሪዋም ቁጥሩን በይፋ በጽሑፍ አረሙ። ወሬው ሲምሌ ሲደርስ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ።

«አፍህን ቤትህ አስቀምጠህ መሄድ አቅቶህ ነው?» አላቸው አንዱ አባል። «በዓለም ፊት ውሸታም አደረግኸን!»

«አፌን ላስቀምጠው እችል ነበር፤» አሉ። «የጋንጋራምን ጉልበት ግን የት ላስቀምጠው?»

እጅ ወጣ። ሃምሳ ሁለት እጅ ለመሰረዝ፣ ሦስት እጅ ለማቆየት። የእኔ እጅ ከሃምሳ ሁለቱ አንዱ ነበር። ውሳኔውንም በራሴ እጅ ጻፍሁት፤ «የማኅበሩን ክብር ስላጎደፉ» የሚለው ሐረግ የኔ ነው። በሕይወቴ ካወጣኋቸው ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ በሰዋስው እንከን የሌለው፣ በፍትሕ ግን ባዶው እርሱ ነው።

ከ2060 እስከ 2064 ዓ.ም. ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ከባለቤታቸው ጋር በመሆን የሲምሌን አቀበት ደረጃዎች አስተካከሉ። የቀድሞዎቹ ግንበኞች ደረጃውን ለባዶ እጅ መንገደኛ ነበር የሠሩት። እሳቸው አራት መቶ ዐሥራ ሁለቱንም ነቅለው በአንድ ስንዝር ከፍታ መልሰው ተከሉ፤ ጭነት የያዘ ጉልበት ከዚያ በላይ ሲታጠፍ እንደሚጎዳ ያውቁ ነበርና። እኛ በየቀኑ በእነዚያ ደረጃዎች ወጣን፣ ወረድን። ሰላምታ ግን አንሰጣቸውም ነበር።

በ2065 ዓ.ም. የሸለቆው አስተናጋጆች ከአርባ ኪሎ በላይ ላለማሸከም ከማኅበሩ ጋር ስምምነት ፈረሙ። ስምምነቱ የቆመው በታረመው ልኬት ላይ ነው። ልኬቱ የታረመው በአንድ ሰው ምስክርነት ነው። በፊርማው ዕለት ንግግር አድርገን፣ የአበባ ጉንጉን አጥልቀን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን ተለያየን፤ የዚያን ሰው ስም ግን ከመካከላችን ያነሣ አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት የመኪናው መንገድ ደረሰ። አሁን ጨውም ሩዝም በጂፕ ይወጣል። የወጣቶቻችን ጀርባ ቀጥ ያለ ነው፤ በዚህ ደስ ይለናል። ነገር ግን አንድ ሰው ከጓደኛው ጋር እርምጃውን አስተካክሎ ሙሉ ቀን የሚሄድበት ዘመን አልፏል፤ ያንን ዘመን ከነሥርዓቱ የሚያውቅ ሰውም ነገ ይቀበራል።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ወስኗል። የ2059 ዓ.ም. ውሳኔ ከዛሬ ጀምሮ ሳይሆን ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ተሽሯል። የአቶ ሳንታቢር ራይ ስም ከመሥራቾች ተርታ በቀድሞው ቦታው ተመልሷል። አስከሬናቸው በራይ አባቶች ሥርዓት ወደ መቃብሩ ሲሄድ በማኅበሩ አባላት ትከሻ ይወጣል፤ በመኪና አይሆንም። መሸከም የሚችል አባል ሁሉ ፀሐይ ሳትወጣ ከቤታቸው ደጅ ይገኝ። አቶ ጋንጋራም ማጋር በራሳቸው ጥያቄ ከፊት ይሄዳሉ፤ ሰልፉም በእሳቸው እርምጃ ልክ ይሄዳል።

ወይዘሮ ሱክማያ፣ ፑርኒማ፤ ማኅበሩ መጽናናትን ይመኝላችኋል። ይቅርታን ግን አይመኝም፤ ይጠይቃል። መመኘት ለጠያቂው ይቀላልና። ወይዘሮ ሱክማያ ያለ ደመወዝ ከጎናቸው ድንጋይ ላነሡበት አራት ዓመትም ዕዳ እንዳለብን እናውቃለን። ከእሳቸው የተማራችሁና አብራችሁ የተጓዛችሁ ሁሉ፣ እናንተንም እግዜር ያጽናችሁ።

ይህ ሁሉ በሕይወት ሳሉ ለምን አልሆነም የሚል ይኖራል። የሚገባ ጥያቄ ነው። ስም የሚመልሰው በየዓመቱ በፋጉን ወር የሚሰበሰበው ጉባኤ ነው የሚል መልስ አለን፤ መልሱ ግን የሰነፍ መልስ ነው። የዛሬው ኮሚቴ ያደረገውን ያለፈው ዓመት ኮሚቴም ማድረግ ይችል ነበር። ለዚህ ከሌሎቹ ይልቅ እኔ ተጠያቂ ነኝ። ባለፈው ማንግሲር ወር፣ ከዕረፍታቸው ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ሕመማቸው እንደ ጸና ሰምቼ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ለብቻዬ ሄድሁ፤ ባርኔጣዬንም አውልቄ ቆምሁ። ያዘጋጀሁትን ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርሁ፤ በደሉን በስሙ ጠራሁት፣ የጻፍሁትን ሐረግ ደገምሁት፣ ይቅርታም ለመንሁ። ግድግዳውን ተደግፈው እስክጨርስ ሰሙኝ። ባለቤታቸው የሚቀመጡበትን ምንጣፍ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። አቶ ሳንታቢር ትንፋሻቸውን ጠብቀው፣ ይቅር ብያለሁም አልልምም ሳይሉ፣ እንዲህ አሉኝ፦

«ባጄ፣ ካንተ ደጅ እስከ እኔ ደጅ ሁለት መቶ አርባ እርምጃ ነው። ዘጠኝ ዓመት ፈጀብህ። ምን ቢያሸክሙህ ነው?»