ሮቢ ወንዝ ዳር የጠበቅንህ ሦስት ቀን

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለወንድሜ ለአብዱረዛቅ፤ አስመራ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። እንዴት ነህ? እንዴት ከረምክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያገሩ ብርድ ለቆላ ልጅ እንደማይመች ሰው ሁሉ ይነግረናል፤ ለብሰህ ነው የምትተኛው? የምትበላውስ ይስማማሃል? ከጎንህ አይዞህ የሚልህ ያገር ሰው አለ? እኛ አንተን ከማጣት በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ማሽላው ዘንድሮ ጥሩ ነው፤ ወፍም ብዙ አልጎዳውም። ዓረፋን እንደ ልማዳችን አከበርን። እማዬ ያንተን ድርሻ ሥጋ ለይታ ቋንጣ አድርጋ ሰቅላው ነበር፤ ኋላ ግን ላለፈ መንገደኛ ሰጠችው።

ይህን የሚጽፉልኝ ጎረቤታችን ጋሼ ታደሰ ናቸው። እኔ እናገራለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ ብዕር እንደ ምላስ አይሮጥም ብለው ሁለት ጊዜ ተቆጥተውኛል።

በኅዳር የላክኸው ወረቀት ደርሶናል። በጥር በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ወደ አዲስ አበባ ከሚሄዱት ካሚዮኖች ጋር የሹፌር ረዳት ሆነህ እንደምታልፍ፣ ሸዋ ሮቢትም ድልድዩ ዘንድ እንደምታድሩ ጽፈህልን ነበር። እማዬ ያን ወረቀት ሦስት ጊዜ አስነበበችው። ዓይኗ አንተ ስትሄድ እንደነበረው አይደለም፤ ግራውን ሞራ ሸፍኖታል፣ በቀኙም የምታየው ጥላ ጥላውን ብቻ ነው። ሁለት ቀን መንገድ አትችይውም ብላት፣ «ጥላውንም ቢሆን ልየው» አለችኝ። ልንሄድ ቆረጥን።

ያን ዕለት ቁጭ ብለን መንገዱን በሒሳብ ተጓዝነው። እማዬ በቆሎ እየፈለፈለች አንዷን ፍሬ አንድ ሊሬ አደረገቻት። በእጃችን የነበረው አንድ ጠገራ ብርና የፈተልኩትን ጥጥ ሸጬ ያገኘሁት አሥራ ስምንት ሊሬ ነው። እንደምታውቀው ነጋዴው የጣሊያንን የሊሬ ወረቀት አልነካም ይላል፤ ኬላው ደግሞ ከሊሬ በቀር አላይም ይላል። ስለዚህ ጠገራው ለጋሼ ከቢር በቅሎ ኪራይ ሆነ፤ እማዬን የምትሸከም እሷ ናት። አምስት ፍሬ ለይለፍ ወረቀት፣ አራት ፍሬ ለሁለት ሌሊት ማደሪያ፣ ስድስት ፍሬ ለምግብና ለሻይ ለየን። ሦስት ፍሬ ቀረች፤ እሷን ለክፉ ቀን አልን። ስንቁን ከቤት ቋጠርን። ላንተ ልናመጣ ያሰብነውን ጋቢ ባለቤቴ ሁሴን እኔ በፈተልኩት ጥጥ ስለሸመነው ገንዘብ አልጠየቀም፤ አንድ ወር የሌላ ሰው ሥራ ሳይነካ ያንተን ጋቢ ብቻ ሲሠራ ነው የሰነበተው።

ሁሉ በልክ ሆነ ስንል እማዬ ፍሬዎቹን በመዳፏ ዳበሰቻቸውና፣ «ፍየሉስ የታል?» አለች። የምን ፍየል ብንላት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ልጅ ቆሎ ላበላው ነው እንዴ ብላ ተቆጣች። ሁሴን ከየት እናምጣ አላት። እሷም ከመቀነቷ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ አንድ ጠገራ ብር አወጣች። ያ ብር የከፈኗ መግዣ ነው፤ አባታችን ከሞተ ጀምሮ ቋጥራው የኖረች። እኔ አለቀስኩ። እሷ ግን ሳቅ እያለች፣ «ከፈኔን የቀበረኝ ሰው ይግዛ፤ ልጄን የማበላው እኔ ነኝ» አለች።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ወጣን። እማዬ በበቅሎ፣ ሁሴን ልጓም ይዞ፣ እኔ ልጃችንን ሙሀባን አንዳንዴ አዝዬ አንዳንዴ እያስኬድኩ። አንድ ሌሊት ቀወት መንደር አድረን ማክሰኞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሮቢት ደረስን። ወንድሜ፣ ያን አገር ብታየው! ሙቀቱ እንደ እኛው ነው፤ ወንዙ ዳር ግን ሌላ ዓለም ነው። ውኃው በድንጋዩ መሀል እየተንሿሿ ይወርዳል፤ ዳርና ዳሩ ሾላ ነው፣ ጥላው ለሽ ያደርጋል። ሙሀባ ይህን ያህል ውኃ አይታ ስለማታውቅ ማን ነው የሚያፈሰው ብላ ጠየቀችን። እማዬ እግሯን ውኃው ውስጥ አስቀምጣ፣ ደስ ሲል፣ አብዱረዛቅም መጥቶ እዚህ ይቀመጣል አለች። እግሯን ሳታወጣ የመግሪብ ሰላት ደረሰ።

ለመንገድ ሠራተኞች ሻይና ቂጣ የምትሸጥ ጣይባ የምትባል ሴት ዳሷ ውስጥ አሳደረችን። ረቡዕ ጠዋት ሁሴን በእማዬ ብር አንድ ቀይ ፍየል ገዝቶ ሾላው ሥር አሰራት። ጠበቅን። በመጣ ካሚዮን ሁሉ ተነሣን፤ አንዱ ሲሚንቶ የጫነ፣ አንዱ ወታደር የጫነ ነው። መሸ። ሐሙስም እንዲሁ ሆነ። የቋጠርነው ስንቅ አለቀ፣ ለክፉ ቀን ያልናት ሦስት ሊሬም ሄደች። ሁሴን ያን ቀን ለድልድዩ ድንጋይ ተሸክሞ የእራታችንን አመጣ። ለሦስተኛው ሌሊት ጣይባ ገንዘብ አልቀበልም አለች፤ የኔም ወንድም ሄዶ ቀርቷል ብላ ፊቷን አዞረች። ፍየሏን እንረድ ብንላት እማዬ ሳይመጣ ቢላ አይነካትም አለች። ሐሙስ ማታ ከወደ ተራራው ተኩስ ተሰማ። ከዚህ የበለጠውን ደብዳቤ አይችለውም፤ በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።

ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ መጡ። አቧራው ከድልድዩ ማዶ እንደ ደመና ተነሣ። ወታደሮች እየጮኹ ሰውን ሁሉ ከመንገዱ ገፉት። አይቆሙም ተባለ፤ በተኩሱ ምክንያት ሳያድሩ እንዲያልፉ ታዘዋል። ይህን ለእማዬ ስነግራት እጄን አስለቀቀችኝና በዱላዋ እየዳበሰች እመንገዱ ዳር ቆመች። ከዚያ ካሚዮኑ ባለፈ ቁጥር፣ «አብዱረዛቅ! ልጄ! አብዱረዛቅ!» እያለች ትጣራ ጀመር። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ወታደሩ እንኳ ሊገፋት እጁን አንሥቶ ተወው። እኔ ሃያ ሦስት ካሚዮን ቆጠርኩ፤ ፊትህን ስፈልግ ዓይኔ በአቧራ ተሞላ። አሥራ አራተኛው ሲያልፍ ከጭነቱ ላይ አንድ ድምፅ፣ «አቤት እማዬ! ደህና ነኝ! አይዞሽ!» አላት።

እማዬ እዚያው መሬቱ ላይ ተቀመጠች። «ሰማኝ፤ ሰማኝ፤ ድምፁ ጎርንኗል፣ ሰው ሆኗል» አለች። ወዲያው ፍየሏ እንድትታረድ አዘዘች። ለድንጋይ ተሸካሚው፣ ለጣይባ፣ ለመንገደኛው ሁሉ በእጇ አጎረሰች። ልጄ አልፎ ሄደ፣ ደህና ነው፣ ብሉልኝ ትላለች። ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

ወንድሜ፣ አሁን የምነግርህን ለማንም አልተናገርኩም። እማዬ ዛሬ ለቅሶ ልትደርስ ስለሄደች ነው ደፍሬ የማስጽፈው። አቤት ያላትን ሰው አይቼዋለሁ። አንተ አልነበርክም። ጢሙ የሸበተ፣ ዕድሜው ያባታችንን የሚያህል ሰው ነው። ካሚዮኑ ሲርቅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ እማዬ እያየ ነበር። ማን እንደሆነ አላህ ያውቀዋል፤ የሱም እናት አንድ መንገድ ዳር ቆማ ይሆናል።

አንተ ከቀሩት ካሚዮኖች በአንዱ ነበርክ? ጭነት ሥር ተኝተህ አልሰማህም? ወይስ ከመጀመሪያውም አልመጣህም? ከኅዳር ወዲህ ቃልህ አልደረሰንም። ሌሊት ሌሊት ሃያ ሦስቱን ካሚዮን እንደገና እየቆጠርኩ አድራለሁ። እባክህ እውነቱን ለኔ ለብቻዬ፣ በሌላ ወረቀት ጻፍልኝ፤ ጋሼ ታደሰ ለሷ እንደማያነቡላት ቃል ገብተውልኛል። ለእማዬ በምትጽፈው ግን፣ በሮቢ ድልድይ ሳልፍ አቤት ያልኩሽ እኔ ነኝ በላት። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፣ አላህ ይማረኝ፤ አንተም ማረኝ። በሕይወት መኖርህን ብቻ ያሳውቀኝ እንጂ የት እንደነበርክ አልወቅስህም።

ጋቢህን ደብዳቤውን በሚያደርስልህ በነጋዴው በአብዱረሂም እጅ ልኬልሃለሁ። ጋሼ ከቢር በቅሏቸውን ሁለት ቀን ብናዘገይባቸውም አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ለልጃችን ዱዓ እያደረግን ነው በሉት ብለዋል። ሁሴን ጋቢው ከጠበበህ ልኩን ላክልኝ ይልሃል። ሙሀባ አጎቴ ወደ ውኃው አገር ሲመጣ እኔንም ይጥሩኝ ትላለች። ጋሼ ታደሰ በራሳቸው እጅ፣ በርታ ልጄ፣ ብለው ሰላምታቸውን ጨምረዋል። እኔ እህትህ ፈሪሃ በናፍቆት እስምሃለሁ። እማዬም ዛሬ ጠዋት ስትወጣ፣ ለአብዱረዛቅ ካስጻፍሽ እንዲህ በይልኝ ብላኛለች፦ «ድምፅህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

አሊዩ አምባ፣ የካቲት ፫ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.