ስለ አምስቱ ትንንሽ በርሜሎችና ስለ ድኙ ጭስ የሰጠሁት የመጨረሻ ቃል

ዛሬ ሐሙስ፣ ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ እኔ በሰፈሩ ልብስ ሰፊዋ ተብዬ የምታወቀው፣ በመኝታ ክፍሌ በትራስ ተደግፌ፣ ከሞትኩ በኋላ እንዲፈጸምልኝ የምሻውን ይህን ቃል በምስክሮች ፊት እናገራለሁ። ሕመሜ ኩላሊቴ ላይ ነው፤ ወደ ጭንቅላቴ አልወጣም። ከምስክሮቹ አንዱ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን፣ አእምሮዬን ለመፈተን ምን እንደሚታየኝ ጠየቁኝ። የኮታቸው ሦስተኛ ቁልፍ በሰማያዊ ክር መተከሉን፣ እኔ ብሆን ግን በጥቁር እንደምተክለው ነገርኳቸው። ኮታቸውን አዩና ደህና መሆኔን ለሌሎቹ አረጋገጡ።

ሁለተኛዋ ምስክር መርፌ የምትወጋኝ ነርስ ናት። ሦስተኛው በርሜሎቼን ሲያንጠባጥቡ የሚጠግንልኝ አናጢ ነው። ቃሌን የሚጽፈው ታናሽ ወንድሜ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪው ነው፤ እኛ ቤት ቀለሜ እንለዋለን። እየጻፈ ያለቅሳል። ወረቀቱ ላይ እስካልነጠበ ድረስ አልከለክለውም። መካከለኛው ወንድሜ ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሟል፤ እንዲቀመጥ ብንለምነውም የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ ነው። የሚባለው ሁሉ፣ ክርክርም ቢሆን፣ እንዲጻፍ አዝዣለሁ። ኋላ “እንዲህ አላለችም” የሚል አይጠፋምና።

አንደኛ፣ ስለ ቤቱ። ቤቱ የሟች እናታችን ነው። ወንድሞቼ በልጅነት መብታቸው የሚወርሱት ስለሆነ እኔ የምሰጠውም የምነሳውም የለኝም። የጓሮው ክፍል እንዳይከራይ ብቻ አደራ እላለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ስፌት ዕቃዬ። የስፌት መኪናዬን አብራኝ ለምትሰፋው ልጅ ሰጥቻለሁ። ፔዳሉ ሲነክስ በእርግጫ ሳይሆን በዘይት እንደሚለቅ ታውቃለች። ትልቁን መቀሴንም ለእሷ ሰጥቻለሁ። አክስቴ እንደምትጠይቅ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ተውሳ ካርቶን ቆርጣበታለች። ለአክስቴ የክረምት ካፖርቴ ይሁናት፤ እሱን የሚያደነዝዝ ነገር የላትም። የገንዘብ ዕዳ የለብኝም። ያለብኝ ዕዳ እግሩ ያልታጠፈ የአንድ መምህር ሱሪ ነው፤ ልጅቷ ትጨርሰው።

ሦስተኛ፣ በጓሮ ክፍል ያሉትን፣ ወይን ጠጅ የምጥልባቸውን አምስት ትንንሽ የእንጨት በርሜሎች ከነመቆሚያቸውና ከነውታፋቸው፣ ከቱቦው፣ ድኝ ከማቀልጥበት ጣሳና ከሽቦ መንጠቆው ጋር ለሾፌሩ ወንድሜ ሰጥቻለሁ።

እዚህ ላይ ቀለሜ ብዕሩን አስቀመጠ።

“ጻፍ እንጂ” አልኩት።

“እትዬ፣ ሥራውን የማውቀው እኔ ነኝ።”

ሾፌሩም ከበሩ ላይ ሆኖ፣ “ለእሱ ስጪው፤ እኔ የማውቀው የናፍጣ በርሜል ነው” አለ።

ሁለቱም ያሉት እውነት ስለሆነ ምክንያቴን እናገራለሁ። ባዶ በርሜል እንዳይሻግት ውስጡ በድኝ ይታጠናል፤ በእኛ ቤት ድኙ የሚቃጠለው ከስፌት በተረፈ ብጥስጣሽ ጨርቅ ነው። ድኙን በጣሳ አቅልጬ የጥጥ ቁራጭ እነክርበታለሁ፤ ሲደርቅ እንደ ክር ጫፍ ሽቦው ላይ አንጠለጥለዋለሁ። ሾፌሩ አንድ ዓመት ላግዝ ብሎ ከወለሉ ላይ ነጭ ነገር አነሳና ነከረ። ያነሳው የሙሽራ ቀሚስ ገበር ናይለን ነበር። ልብስ ሰፊ ቤት ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ስህተት የት ይሠራል? ናይለኑ ቀልጦ በርሜሉ ሆድ ውስጥ ተንጠባጠበ፤ የዚያ ዓመት ወይን ጠጃችን የተቃጠለ ኮት ኮት ሸተተ። እኔ ተቆጣሁ፤ እሱ “ጨርቅ ጨርቅ ነው” አለ። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤት የሚመጣው እንደ እንግዳ፣ ሻይ ጠጥቶ ለመሄድ ነው። ቢሆንም እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ዛሬ ጥጥ ነው የተባለውን ጨርቅ ሦስቴ አገላብጦ ሳያይ እንደማይነክር እርግጠኛ ነኝ።

ቀለሜ ግን በዚህ ሥራ ከእኔ ይበልጣል። እጁ አይንቀጠቀጥም፤ በርሜል አንኳኩቶ መድረቁን ያውቃል። ጉድለቱ ደረቱ ነው። አስም አለበት፤ የድኝ ጭስ ደግሞ ጤነኛውንም ያንቃል። ባለፈው ክረምት እኔ አልጋ ስይዝ በርሜሎቹ እንዳይሻግቱ ብሎ ብቻውን ገባና በሩ በነፋስ ተዘጋበት። ነርሷ ልትወጋኝ መጥታ በጓሮው በር ሥር ተደፍቶ ከንፈሩ ጠቁሮ አገኘችው። ይህን ስናገር፣ ሁለተኛ አይዘጋም፣ መስኮቱንም እከፍታለሁ፣ አፌንም በሻርፕ እጠቀልላለሁ እያለ ተከራከረኝ። ነርሷ ሻርፕ ጭስ እንደማያቆም አስረዳችው፤ ያን ዕለት አውቶቡስ አምልጧት ዘግይታ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ኑዛዜ የሚጽፍ ሌላ ሰው እንፈልግ ነበር አለችው። እሱ ግን ብዕሩን አላነሳም።

ያን ጊዜ የፍርድ ቤት ጸሐፊው ሳል ብለው፣ “ልጄ፣ ለነገሩ የጻፈ እጅ ከጻፈው ኑዛዜ አይቀበልም፤ ደንብ ነው። ብትሰጥህም አይጸናም” አሉት።

ቀለሜ ወደ እኔ ዞረ። “ታውቂ ነበር?”

“አውቅ ነበር። ለምን ያስጻፍኩህ ይመስልሃል? ጽሕፈትህ እንደሁ እንደ ዶሮ ጭረት ነው።”

አናጢው ሳቀ፤ ቀለሜም ሳይወድ ፈገግ አለ፤ ብዕሩንም አነሳ። እስካሁን የተባለውም ይህም እንዲጻፍ አድርጌያለሁ።

ሾፌሩ፣ እንግዲያው ይሸጡና ገንዘቡ ለልጁ ትምህርት ይሁን አለ። አይሸጡም። ከዚህ በታች የምናገረውን ልብ ብሎ ይስማ።

ከአምስቱ አንዱ ሙሉ ነው። ወይን ጠጁ ገና ጥሬ ስለሆነ በቀብሬ ዕለት እንዳይቀዳ፤ ለሐዘንተኛ ጥሬ ነገር አይቀርብም። አንዱ ኮምጣጤ ሆኗል። ኮምጣጤ የገባበትን እንጨት ድኝ አያድነውም፤ ድኝ የሚጠብቀው ደህናውን ነው። እሱን አናጢው አፍርሶ ለቤታችን በርጩማ ይሥራበት። ሦስቱ ባዶ ናቸው። ባዶ በርሜል እንዲህ ይያዛል፤ መጀመሪያ በውኃ ታጥቦ አፉን ወደ ታች ተደፍቶ ውኃው ጠብ ማለቱን እስኪያቆም ድረስ ይንጠፍጠፍ። ከዚያ የክፍሉ በርና መስኮት ወለል ብለው ይከፈቱ፤ በሩ ላይ ድንጋይ ይደገፍ። ለእነዚህ ትንንሾች የጣት ርዝመት ያለው ቁራጭ ይበቃል፤ “ይጨመር” የሚል ሰው ወይን ጠጁን ክብሪት ክብሪት እንዲሸት ያደርገዋል። ከቁራጩ ሥር፣ ስሰፋ ጣቴን ከመርፌ የምከልልባት ትንሽ የብረት ቆብ ትንጠልጠል፤ የሚቀልጠው ድኝ በእሷ ላይ ይንጠብ እንጂ እንጨቱን እንዳይነካ። ይለኮስ፤ በአፉ ይግባ፤ ውታፉም ላላ ብሎ ይቀመጥ። እሳቱ ሲጠፋ ሽቦው ይውጣና ውታፉ ይመታ። ማንም ሰው አጎንብሶ ወደ ውስጥ እንዳያይ፣ እንዳያሸትም። ወይን ከመግባቱ በፊት ደግሞ በርሜሉ ይታጠብ፤ ውኃ ተሞልቶ ይደር፤ እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ስንጥቁን ይዝጋ። አረቄ በነበረበት በርሜል ግን እሳት ፈጽሞ አይግባ፤ በርሜሉ እንደ ቦምብ ይፈነዳልና።

ጭሱ ከጊዜ ጋር እየሳሳ ስለሚሄድ ይህ ሥራ በየወሩ ይደገማል። አናጢው ይህን ሲሰማ፣ ዘንድሮ ወይን ሞልቶ ሳለ ሦስቱን ለምን ባዶ እንደተውኳቸው ጠየቀኝ፤ ሕመሙ አድክሟት ነው ብሎ አዝኖልኝ ኖሯል። አላደከመኝም። ሙሉ በርሜል ሰው አይጠራም፤ ባዶው ግን በየወሩ ሰው ይፈልጋል። ቀለሜ ደግሞ እኔ ስሄድ በዚህ ቤት ብቻውን ይቀራል።

ይህን ከተናገርኩ በኋላ ሾፌሩን ወደ አልጋው ጠራሁት። “አንተ ለመንገድ ሰበብ ሞልቶሃል፤ ለቤት ግን ሰበብ አልነበረህም። ይኸው ሰጠሁህ” አልኩት።

እሱም፣ ጣት ለምታህል እሳት ያን ሁሉ ነዳጅ አቃጥሎ መምጣት የማን ሂሳብ ነው ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወደ ቀለሜ ጎንበስ አለ።

“ጨምርበት። መጥቼ በዚያው ቀን አልመለስም፤ አድራለሁ ብለህ ጻፍ።”

ቀለሜ ይህ የእኔ ቃል ሆኖ ይጻፍ እንደሆነ ጠየቀኝ። የወንድምህ ቃል ስለሆነ በወንድምህ ስም ይጻፍ፣ ከሥሩም ይፈርምበት አልኩት።

ምክር ብዙ አላበዛም። ጭስ ሲኖር ቀለሜ ግቢ ውስጥ ይቀመጥ፤ ትምህርቱንም አይተው። ሾፌሩ በልጁ ፊት “ጨርቅ ጨርቅ ነው” አይበል። ከዚህ ቃሌ በፊት የተናገርኩት ሌላ ኑዛዜ የለም።

ይህ ቃል ከተጻፈ በኋላ በሁላችንም ፊት ተነቦ ሰምቼዋለሁ፤ የጎደለም የተጨመረም አላገኘሁበትም።

ተናዛዥ፦ ልብስ ሰፊዋ። እጇ ስለዛለ ፈርማ በአውራ ጣቷም አትማለች።

ምስክሮች፦ ጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ፤ ነርሷ፤ አናጢው። ሦስቱም ፈርመዋል።

በየወሩ መጥቼ አድራለሁ ያልኩ፦ ሾፌሩ። ፈርሟል።

ጸሐፊ፦ እኔ ታናሽ ወንድሟ የእህቴን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌአለሁ። ከዚህ ኑዛዜ የምቀበለው ነገር የለም። ፈርሜአለሁ።

ስለ ግልባጩ፦ እህቴ ኅዳር ሃያ ቀን አርፋለች። ይህ ግልባጭ ከዋናው ጋር ቃል በቃል አንድ ነው። ግልባጭ የፈለገው ሾፌሩ ጋሼ ነው፤ የድኙን ሥራ ያለ ጽሑፍ አልችለውም ብሎ። ትናንት ማታ መጣ። አሁን እሱ ጓሮ ክፍል ውስጥ ነው፤ እኔ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ ይህን እየጻፍኩ ነው። በመስኮቱ በኩል “ቀለሜ፣ ቀጥሎስ ምን አለች?” ይለኛል፤ አነብለታለሁ።