ፍሊት የተነፋባቸው ዝንቦች

ዝንቦቼን አንድ ሳታስቀሪ ፈጀሻቸው።

ስድስቱን ጠርሙስ በጥጥ ወትፌ መስኮቱ ሥር የደረደርኩት ለጌጥ አልነበረም፤ የዘረመል ፕሮጀክቴ ናቸው። አያቶቻቸውን፣ ቀይ ዓይኑን ከነጭ ዓይኑ፣ ያዳቀልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ የልጅ ልጆቹን በዓይናቸው ቀለም ለይቼ ልቆጥር ነበር። አንቺ ትናንት አንዲት በረሮ አይተሽ የጋራ ክፍላችንን ሙሉ ፍሊት ነፋሽበት።

ስነግርሽ ደግሞ ሳቅሽ። «ሺ ዝንብ ቢሰበሰብ መግላሊት አይከፍትም» አልሽኝ። የኔዎቹ ያስመርቁኝ ነበር፣ ወይዘሮ ንጽሕት። ውጤት ያላስገባ ትምህርቱን በሚመጣው ዓመት ይደግማል። ለአራት መቶ ተማሪ ያለን አንድ መምህር ነው፤ እሱም ስሜን አያውቀውም።

ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ እንዳትነኪ ብዬሽ ነበር። ውስጣቸው ምን እንዳለ ግን አልነገርኩሽም፤ ከዝንብ ጋር እንደምታድሪ ብታውቂ ኡኡ ትያለሽ ብዬ ነው። እሺ፣ እሱ የኔ ጥፋት ነው።
ሳቁ ግን ያንቺ ነው።

ጠርሙሶቹን በፈላ ውሃ እጠቢያቸው። የፍሊቱ ሽታ እስኪወጣ መስኮቱን እንዳትዘጊው።
ጋዋኔን ወስጄዋለሁ፤ ከእንግዲህ ሽንኩርት ስትከትፊ የራስሽን ልብስ አበላሺ።

አሁን መምህሩ ቢሮ ደጅ ልጠና እየሄድኩ ነው። አዲስ ዝንብ ቢሰጠኝ እንኳ የልጅ ልጅ እስኪያዩ ሃያ ቀን ይፈጃሉ፤ ለማስረከቢያው የቀረው አሥራ ሁለት ቀን ነው።

ይሄን ስጽፍ አንቺ ታንኮራፊያለሽ። ሌላ ጊዜ እንዳትነቂ ብዬ በሩን በቀስታ ነበር የምዘጋው።
ዛሬ ግን አጩኼ ዘግቼው እወጣለሁ።