ካሜራ ፊት የነገርኩት መርዶ

ለውድ እህቴ ለሰናይት፣

የጌታ ሰላም ባለሽበት ሁሉ ይብዛልሽ። እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እመቤትሽ አሁንም በዕረፍት ቀንሽ ታሠራሻለች ወይስ ልብ ገዛች? የኩዌት ሙቀትስ እንዴት አድርጎሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የጉለሌ ብርድ ብቻ አጥንታችን ድረስ እየገባ አስቸገረን። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ስልኬን አላነሣ ብለሽኝ ይህን ሁሉ የምጠይቅበት አጥቼ ስለከረምኩ ነው ባንዴ የዘረገፍኩብሽ፤ አትሳቂብኝ።

ለሲና የላክሽውን የድምፅ መልእክት ሰማሁት። ጎማ እየነቀልኩ ሳይቀር ደጋግማ አሰምታኛለች። "አባትሽን ዩቲዩብ ላይ ፊልም ሲሠራ አየሁት፤ እንዲህ አድርጎ መንገር ይችል ኖሯል? እንግዲያው ለእኔም ይንገረኝ" ትያለሽ። ተመስገን! ቁጣም ቢሆን ድምፅሽ ነው። ያን ቀን እንዴት እንደቀለለኝ አልነግርሽም።

መቼስ ፊልም ውስጥ ምን ከተተው ሳትዪ አልቀረሽም። ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ ድራማ ሊቀርጹ የመጡ ልጆች የመኪናቸው ጎማ ፈንድቶ እኔ ጎሚስታ ቤት መጡ። ጎማው አልቆለታል። ሹፌሩን በርጩማ ሰጥቼ አስቀመጥኩትና ሩቅ መንገድ ይጠብቀው እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ከዚያ ቀስ ብዬ ነገርኩት። ጀቤሳ የሚባለው ዳይሬክተራቸው ከኋላዬ ቆሞ ሲያየኝ ኖሮ ሳቀ። ለካስ እናቷ ለሞተችባት ልጅ መርዶ የሚነግረውን አጎት የሚጫወተው ሰው እየጮኸና መሬት ላይ እየተንከባለለ አስቸግሮታል። "ጋሼ፣ ይቺን ቦታ እርስዎ ይሥሩልኝ" አለኝ።

እኔስ ከዚያ ሰውዬ በምን ተሻልኩ! ካሜራውን ሳይ ጊዜ በልጅነታችን ለገና ድራማ ክፉ ንጉሥ ሆኜ እንደጮህኩት ጮህኩ፤ ጋቢዬን ወረወርኩ። ጀቤሳ አስቆመኝና "ጋሼ፣ ለሹፌሩ እንደነገሩት ነው የምፈልገው" አለኝ። አፈርኩ።

እንደገና ስገባ ልጅቷ ትኩስ ሻይ እንደያዘች ብድግ አለችልኝ። አነሣሷ ያንቺው ነው፤ የምለው ሁሉ ጠፋብኝ። ስትሰማ ደንግጣ ሻዩ እንዳያቃጥላት ብዬ ብርጭቆውን ከእጇ ተቀብዬ መሬት አስቀመጥኩ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። "ልጄ፣ እናትሽ አርፋለች" አልኳት፣ በቃ። አልጮህኩም፣ አላለቀስኩም። ማንም "ይበቃል" ያለኝ የለም። ዘወር ስል ያ ሹፌር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።

ጀቤሳ "የት ተምረውት ነው?" ሲለኝ ምን ልበለው? ሰናይትዬ፣ እኔ የተወንኩት እዚያ አይደለም። የተወንኩት ባንቺ ላይ ነው። አራት ወር ሙሉ በደወልሽ ቁጥር "እማዬ ጸሎት ሄዳለች"፣ "ጉሮሮዋን ዘግቷት ነው" እያልኩ፣ ድምፄን እያሳመርኩ፣ አንዳንዴም እየሳቅኩ። በሰው አገር ብቻዋን ሆና እንዴት ትስማ ብሎ ዘመድ መክሮ ነው እንጂ... ይኸው ደግሞ ሰበብ ጀመርኩ! እኔው ነኝ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን የማታውቂያት ሴት "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ስትልሽ፣ "በምን?" ብለሽ መጠየቅሽን ሳስበው እስከዛሬ ያመኛል። ይቅር በይኝ።

በስልክ ድምፄን ስለማታምኚው ጽፌ ለጎረቤታችን ለረይሃና ሰጠኋት፤ እዚያው ኩዌት ወደ ሥራዋ ልትመለስ ነው። እንግዲህ ጠይቀሽኛልና ልንገርሽ።

እማዬ ያረፈችው ሰኔ 11 ቀን 2014፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አልተሠቃየችም። ባለቤቴ አቢ አጥሚት ሰጥታት ሁለት ጉንጭ ጠጣች። "ዛሬ ሰናይት ትደውላለች" አለችን። ከዚያ ትንፋሿ ቆመ። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ በአንድ እጄ እጇን እንደያዝኩ ነው ያነሣሁት። እጇ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። "ተኝታለች" ያልኩሽ ያኔ ነው።

አቢ ትስምሻለች፤ የእማዬን ቀሚሶች ላንቺ ብላ አጥባ አስቀምጣለች። ሲና ባንቺና በእኔ መሀል መልእክት መመላለስ ሰለቸኝ ትላለች፣ አትስሚያት፣ ደስ ብሏታል። ኤልሮኢ አድጎ በቁመት በልጦኛል፣ "አክስቴ መቼ ትመጣለች?" ይላል። ደውዪልኝ። ብታለቅሺም፣ ብትቆጪኝም፣ ዝም ብትዪም ስልኩን አልዘጋብሽም።

የሚወድሽ ወንድምሽ ጌቱ
አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ቀጨኔ
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.