ለኮማንደር እህቴ ማህደር

ለምወድሽ እህቴ ለማናህሎሽ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ በብርዱ አሁንም ይጠዘጥዝሻል ወይስ ተሻለው? እማዬስ እህል ትቀምሳለች? እኔ የጁባ ሙቀት ትንሽ ቢያከሳኝም ጤናዬ ደህና ነው። ቶንፒንግ በሚባል ሰፈር፣ ዶርቃ የምትባል ሴት ምግብ ቤት ወጥ እሠራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሥራው ሲላላ ያገኘሁትን አነባለሁ።

የዞኑ ፖሊስ መምሪያ ኃላፊ፣ ለቦታውም የመጀመሪያዋ ሴት መሆንሽን ሰማን። የሬዲዮ ቃለ ምልልስሽን ዶርቃ በስልኳ ከፍታልን ኩሽና ውስጥ ቆመን አዳመጥን። ሴት ናት ብለው መዝገብ ቤት እንዳስቀመጡሽ፣ ስንት ጊዜ አመልክተሽ ወንጀል ምርመራ እንደገባሽ ሁሉን ተናገርሽ። ዘበኛችን ረፊቅ «ማብሩክ! እንኳን ደስ አለሽ! ከእንግዲህ በር የምከፍትልሽ ሰላምታ ሰጥቼ ነው» ብሎ አሳቀን።

ከዚያ እኔን አነሳሽ። ባለቤቴ ሽመክት ሰው ደብድቦ ስታስሪው፣ «ጣቢያ ውስጥ መታችው» የሚል ክስ ላይ የጣት አሻራዬን እንዳኖርኩ፣ በዚያም ሰበብ ማዕረግሽ ስድስት ዓመት እንደዘገየ። «እህቴ ማንበብ አትችልም ነበር፤ አታለው ነው ያስፈረሟት» አልሽ። ዶርቃ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ፣ ለካ ጋዜጣውን እንዲህ የምታላምጪው በቁጭት ነው!» አለች። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያ ሳቄ ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ።

ማኒዬ፣ ማንም አላታለለኝም። ፍርድ ቤት ደጅ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። «በጥፊ መታችው» የሚለው ላይ ሲደርስ «በዱላ በለው» ያልኩት እኔ ነኝ። እንዳልነካሽው አውቅ ነበር፤ ስንቅ ሳመላልስ ገላውን አይቼዋለሁ። ከተፈረደበት ልጆቹን በምን አሳድጋለሁ ብዬ ፈራሁ። ደግሞም፣ ይህን መጻፍ ይከብደኛል፣ ዩኒፎርምሽን ለብሰሽ በጎረቤት ፊት «ተነስ» ስትይው የናቅሽው እኔን መሰለኝ። በኋላ «አላነበበችም» ብለሽ ይቅር ስትይኝ፣ አለማንበቤ ውስጥ ተሸሸግሁ። ፊደል የለየሁት ሽመክት ከሞተ በኋላ፣ ከዘይት ጀሪካንና ከሸቀጥ ካርቶን ላይ ነው። ከለየሁም ወዲህ ይኸው አሥር ዓመት ዝም አልኩ።

አሁን «ማዕረጉን የምታለብሺኝ አንቺ ነሽ፣ ቲኬት ልላክ» ብለሽኛል። ይህን ሳታውቂ ትከሻሽን ልነካ አልችልም። በስልክ ብነግርሽ ሳልጨርስ «ተይው» ትይኛለሽ ብዬ ነው የጻፍኩት። ያ ክስ የግል ማህደርሽ ውስጥ ካለ ይህንንም አብረሽ አስገቢው። ሌላ ሰው ቢያለብስሽ አልቀየምም። ነይ ካልሽኝ ግን እመጣለሁ፤ እንዲያውም እያፈርኩም ቢሆን ቀሚሱን አሰፍቻለሁ።

ባለቤትሽን ማስረሻን ሰላም በይልኝ። ልጅሽን ሶሊን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አክስትሽ ጽሑፍሽን ራሷ ታነባለችና ጻፊላት በያት። ለእማዬ ይህን ደብዳቤ አንብቢላት። እስከ ዛሬ «ልጄን ያታለላት» እያለች ያንን ራፖር ጸሐፊ ትረግመዋለች፤ ሰውየው ያልኩትን ከመጻፍ በቀር ምንም አላደረገም።

እህትሽ አባይነሽ ባልቻ
ጁባ፣ ቶንፒንግ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.