አቮካዶው ላይ ያለው መድኃኒት

ሐሙስ፣ ሰኔ 6

ዛሬም አንድ ቅጠል ሄደ። ወደ ኡኬ በሚወስደው መንገድ ዳር ከተቆረጠ ዛፍ ላይ አንስቼ አምጥቼ ግቢያችን አቮካዶ ላይ ያሰርኩት ብርቅዬ አበባ፣ ኦርኪዱ፣ ሁለት ቅጠል ብቻ ቀርቶታል። በመካከላቸው ግን የመጀመሪያዋ እንቡጥ ወጥታለች።

ነገሩን የጀመርኩት እኔው ነኝ። አከራዬ አዴ ጫልቱ "ይህን ተቀጥላ ከአቮካዶዬ ላይ አንሳልኝ!" ሲሉኝ፣ እንዳያስጥሉኝ ብዬ "መድኃኒት እኮ ነው" አልኳቸው። እኔ፣ የባዮሎጂ መምህሩ፣ ባርሲሳው! ለምን በሽታ እንደሆነ እንኳ አልጠየቁኝም። ወሬው ተዛምቶ አሁን ከጤና ጣቢያው ይልቅ ወረፋው እኛ አቮካዶ ሥር ነው።

የሚያበሳጨኝ ደግሞ መዳናቸው ነው። ጎረቤታችን ኦቦ ቀነዓ ባለፈው የወሰዱትን ቅጠል ወቅጠው ጉልበታቸው ላይ አሰሩት፤ ዛሬ ያለ ምርኩዝ ከተፍ አሉ።

"ባርሲሳ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ ያቺን እንቡጥ ለሚስቴ ስጠኝ። ዋናው ኃይል እሷ ውስጥ ነው።"

"ማን አለ?"

"አንተ ነሃ! ኃይል ከሌላትማ እንደ አራስ ልጅ ምን ያስጠብቅሃል?"

"ሳትፈነዳ ከተቆረጠች መርዝ ናት" አልኳቸው። የመጀመሪያው ውሸቴ ሲያነክስ እሳቸው የጣሉትን ምርኩዝ አቀበልኩት ማለት ነው።

ኦቦ ቀነዓ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያው ስትፈነዳ እንመጣለን" ብለው ሄዱ።

እንድታብብልኝ ስንት ተለማምጫታለሁ። አሁን ግን ኦቦ ቀነዓ ከሄዱ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኝ በመስኮት አያታለሁ። ጫፏ ቢጫ ማሳየት ጀምሯል።

ባክሽ፣ ትንሽ ቆዪ።