በጉጉት መጠበቅዎን እንዲያቆሙልኝ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የድረ ገጹ ዋና አዘጋጅ
አዲስ አበባ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ እያልኩ፣ ለእርስዎ፣ ለባልደረቦችዎና የአንዱን ሰው ስም ከሌላው ለይቶ ለማያውቀው ኮምፒውተርዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኛ ወላይታ ሶዶ ያለነው ከአንድ ሰው በስተቀር ደኅና ነን፤ ስለ እሳቸው ከታች አስረዳዎታለሁ። ስምዎን ጠቅሼ ብጽፍልዎ እንዴት ደስ ባለኝ፤ ዳሩ ግን የላካችሁልኝ ደብዳቤዎች ሁሉ «የዝግጅት ክፍሉ» ብለው የሚያበቁ በመሆናቸው፣ የማመሰግነው ሰው ማን እንደሆነ ሳላውቅ ለማመስገን ተገድጃለሁ።

እየሩስ ዓምደሚካኤል እባላለሁ። ተመርቄ ሥራ አጥቼ ከቆየሁ በኋላ፣ ቤት ተቀምጦ ለድረ ገጽ መጻፍ የሚባል ሥራ መኖሩን የተረዳሁት «ከየአካባቢው አዳዲስ ድምፆችን እንፈልጋለን» ከሚለው የእናንተው ማስታወቂያ ነው። እኔም አዲስ ድምፅ ነኝ ብዬ አምኜ አራት ጽሑፎች ላክሁ፤ አራቱም ተመለሱ። ጽሑፎቼ በመመለሳቸው እንዳልተቀየምኩ ከወዲሁ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ጀማሪ ነኝ፤ የጀማሪ ጽሑፍ ይመለሳል፤ ሁለቱን ዛሬ ሳነባቸው እኔው ራሴ እመልሳቸው ነበር። ቅሬታዬ በመለሳችሁበት ትሕትና ላይ ነው፤ እሱንም በተራ ቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. የመጀመሪያው ጽሑፌ ስለ ቦምቤ የዝንጅብል ገበሬዎች፣ በሽታ ማሳቸውን ከጨረሰው በኋላ ምን ተክለው እንደሚኖሩ ነበር። ቦምቤ ድረስ በሚኒባስ ተመላልሼ፣ በሰው እርሻ ውስጥ ጭቃ ረግጬ የጻፍኩት ነው። ጽሑፉን ልኬ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ሳልከት መልሳችሁ ደረሰኝ፤ «ውድ ጸሐፊ፣ ድንቅ ሥራዎን ስላካፈሉን ከልብ እናመሰግናለን። በከፍተኛ ጥሞና አንብበነዋል። በዚህ ጊዜ ልናስተናግደው ባንችልም፣ ቀጣይ ሥራዎችዎን በጉጉት እንጠብቃለን» ይላል። ያን ያህል ገጽ በዚያ ፍጥነት፣ ያውም በከፍተኛ ጥሞና ማንበብ የሚችል ተቋም በአገራችን በመኖሩ የተሰማኝን ኩራት ሳልገልጽ አላልፍም።

ችግሩ ደብዳቤውን ለአባቴ ማንበቤ ነው። አባቴ አቶ ዓምደሚካኤል እዚሁ ሶዶ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ዕድሜያቸውን ፈጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ዓይናቸው ስለደከመ፣ ወደ ቤታችን የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። በእሳቸው መሥሪያ ቤት እንቢታ የሚነገረው በግልጽ ነው፤ «ጥያቄዎን ያልተቀበልነው መሆኑን እንገልጻለን» ይባልና ማኅተም ያርፍበታል፤ ባለጉዳዩም ተራግሞ ወይም አልቅሶ ወደ ቀበሌው ይሳፈራል። ምስጋና ያለበት ደብዳቤ ግን የምስጋና ደብዳቤ ነው። «በዚህ ጊዜ» ማለት ደግሞ በጀት ዓመቱ ተዘግቷል፣ በሚቀጥለው ይታያል ማለት ነው። ስለዚህ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደግሜ እንዳነብላቸው አዘዙኝና፣ ከሰሙ በኋላ ቀና ብለው እንዲህ አሉኝ፤ «መሥሪያ ቤት በጽሑፍ እየጠበቅን ነው ካለ፣ ይጠብቃል። በጽሑፍ የሚቀልድ የለም።»

እናቴ ወይዘሮ አሰፋሽ አጠገባችን ምስር ይለቅሙ ነበር። ነገሩ የገባቸው ያኔውኑ ነው፤ ከሰፌዱ ቀና ብለው አዩኝና ወደ ምስራቸው ተመለሱ። አባቴ ግን ደብዳቤው በወረቀት እንዲታተም አደረጉ፤ በቀኝ ጠርዙ ላይ የደረሰበትን ቀን በቀይ እስክሪብቶ እየዳሰሱ ጻፉበት፤ ከዚያም ለመጣ ደብዳቤ መልስ አለመስጠት ነውር በመሆኑ «ደብዳቤያችሁ ደርሶናል፤ ስለ መልካም አስተያየታችሁ እናመሰግናለን» የሚል መልስ እንድልክ አደረጉኝ። በየጊዜው ይህ መልስ ከእኔ ሲደርስዎ ግራ ተጋብተው ከነበረ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

2ኛ. ሁለተኛው ጽሑፌ በከተማችን ባጃጅ ስለምትነዳ አንዲት የልጆች እናት ነበር። መልሱ ያው ሆኖ «ውድ አቶ ህብረት» በሚል ይጀምራል። ጾታዬንና አባቴ ያወጡልኝን ስም በአንድ መስመር ስለቀየራችሁልኝ፣ ይህን ለማድረግ ፍርድ ቤት የሚመላለሱ ሰዎች መኖራቸውን ሳስብ ውለታችሁ ይከብደኛል። አባቴ ግን ቅር አላላቸውም፤ ግልባጭ ነው አሉ። ዋናው ለአቶ ህብረት ተጽፎ ግልባጩ ለእኔ ደርሷል ማለት ነው። አቶ ህብረት የተባለው ሰውም እየተጠበቀ መሆኑን ላያውቅ ስለሚችል፣ ሶዶ ውስጥ ካለ ፈልጌ እንድነግረው ደጋግመው አሳሰቡኝ። አቶ ህብረት ይህን ካነበቡ፣ የአባቴን መልእክት አድርሻለሁ።

3ኛ. ሦስተኛው ስለ ዲምቱ የገበያ ቀን ነበር። ደካማ ጽሑፍ ነው፤ መልሱም ያው ነው፤ ስለ ሁለቱም ጊዜዎን አልወስድም። መናገር የምፈልገው ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው። አባቴ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡም፣ ዕድር ላይ ሲቀመጡም፣ አዲስ አበባ ያለ መሥሪያ ቤት የልጃቸውን ሥራ በጉጉት እየጠበቀ መሆኑን ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም መናገር ጀመሩ። እኔ ሽንኩርት ልገዛ ስወጣ የሰፈር ሴቶች «ወጣልሽ ወይ?» ይሉኛል። በመጨረሻ ስላልቻልኩ አጠገባቸው ተቀምጬ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ይህ ደብዳቤ ለሁሉም የሚላክ መሆኑን፣ ማንም እንዳላነበበኝ፣ ማንም እንደማይጠብቀኝ። ሲያዳምጡኝ ቆይተው የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ገና እንደማይገባኝ፣ ስሠራ እንደምለምደው ገለጹልኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። የገዛ ልጃቸውን ቃል ከእናንተ ጽሑፍ ጋር አመዛዝነው እናንተን አመኑ። እንዲህ ያለ እምነት የሚጥልባችሁ አንባቢ ብዙ ይኖራችሁ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ የማውቀው አንድ ነበር።

4ኛ. ከዚያ የአባቴ ልብ ታመመ። ሆስፒታል ገብተው ሲወጡ፣ ሐኪሙ ለእናቴና ለእኔ የነገረን ነገር ስለነበረ፣ አራተኛውን ጽሑፍ ስለ እሳቸው ጻፍኩት። መዝገብ ቤት ውስጥ ስላሳለፉት ዕድሜ ነው። ከገጠር የመጣ ባለጉዳይ የመጨረሻው መኪና ሳያመልጠው እንዲሄድ ምሳ ሳይበሉ ማኅደር ሲፈልጉ ስለመዋላቸው፣ ነገ ተመለስ የሚለውን ቃል ከአፋቸው ለማውጣት ስለማፈራቸው፣ በጡረታ ሲሸኙ የተሰጣቸውን ካፖርት እስካሁን ለክት ስለማስቀመጣቸው። ከጻፍኩት ሁሉ እውነተኛው እሱ ነው። በሕይወት እያሉ ወጥቶ እንዳነብላቸው ብቻ ነበር የፈለግሁት፤ ከእናንተም ከእግዚአብሔርም ሌላ አልጠየቅሁም።

በዚህ ጊዜ በእውነት አንብባችሁኛል። ከተለመደው ምስጋና በታች፣ የሰው እጅ የጻፈው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበረበት፤ «ባለታሪኩ ጥሩ ሰው መሆናቸውን ተረድተናል፤ ሆኖም በጽሑፉ ውስጥ ምንም ነገር ስለማይደርስባቸው አንባቢን ይዘው የመዝለቅ አቅም አላገኘንባቸውም። ሳቢ የሆነ ሌላ ባለታሪክ ቢፈልጉ እንመክራለን።» አባቴ አልጋቸው ላይ ተደግፈው እንዳነብላቸው ጠበቁ። አነበብኩላቸው። ፈገግ ብለው፣ «ልክ ናቸው። ምን ደርሶብኝ ያውቃል?» አሉ። በሕይወቴ እንደዚያች ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ የጠላሁትም ስሙን የማላውቀውን ሰው ስለሆነ ጥላቻው እንኳ የሚያርፍበት አላገኘም።

ጉዳዩ እሳቸውን የሚመለከት በመሆኑ የዚያን ቀን መልሱን በራሳቸው ስም ካልሆነ አሉ። ኢሜይል ከፈትኩላቸው፤ እሳቸው አሉ፣ እኔ ጻፍኩ። ስለ እሳቸው የተጻፈውን ጊዜ ሰጥታችሁ ስላነበባችሁ አመሰገኗችሁ። የባለታሪኩ ጉድለት የጸሐፊዋ ጥፋት አለመሆኑን ገለጹላችሁ። ልጃቸው የተሻለ ሰው አግኝታ እስክትጽፍ ድረስ ትዕግሥታችሁ እንዳይጎድልባትና መጠበቃችሁን እንዳታቆሙ በትሕትና ለመኗችሁ። ጣቶቼ ይህን እየጻፉ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር፤ ዓይናቸው ደካማ መሆኑን ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ምንም ነገር አይደርስባቸውም ባላችኋቸው ሰው ላይ በተከታዩ ሳምንት ማክሰኞ ጧት ደረሰባቸው። እናቴ ሻይ ይዘው ሲገቡ ነው ያገኟቸው።

ቀብራቸው ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ የዕድሩ ሰዎች ወረቀት ይዘው መጡ። እኔ ግን የተጻፈ ነበረኝ። መጨረሻው ላይ የሚጨመረውን ጨምሬ፣ እናንተ የመለሳችሁትን ጽሑፍ ሰጠኋቸው። የዕድራችን ጸሐፊ አቶ ኤልሳዕ፣ አማርኛን በወላይትኛ ዜማ የሚያነቡ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆመው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ዝናብ ጀመረ፤ ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። ስለ ምሳው የሚያወራው ጋ ሲደርሱ፣ ከዲምቱ መጣሁ ያሉ ማናችንም የማናውቃቸው አዛውንት ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ፤ በዚያ መዝገብ ቤት ፊት ለፊት ቆመው ከጠበቁት ሰዎች አንዱ ኖረዋል። ጽሑፌ ወጣ። እንዲሰማው የፈለግሁት ሰው ግን ሳጥን ውስጥ ነበር።

ስለሆነም፣ ክቡር ሆይ፣ ጥያቄዬ አንድ ነው። ጽሑፍ ስትመልሱ መልሱት፤ መብታችሁ ነው። «አልወደድነውም» በሉ፤ አልቅሰን እንተኛለን፣ ነግቶ ሌላ እንጽፋለን። ሳትጠብቁ እየጠበቅን ነው አትበሉ። ቃል የሚያምኑ ሰዎች በየቤቱ አልጋ ላይ ተደግፈው ይሰሟችኋል። እኔን በተመለከተ፣ እስካሁን ስትጠብቁኝ ለደረሰባችሁ ድካም ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከመጠበቅ ግዴታ ነፃ ያወጣኋችሁ መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ።

ለትሕትናችሁ ያለኝ አድናቆት ከአባቴ ጋር ያልተቀበረ፣ መልካም ቃላችሁን እስከ እስትንፋሳቸው ፍጻሜ ያመኑት ሰው ልጅ፣

እየሩስ ዓምደሚካኤል
ወላይታ ሶዶ

ግልባጭ፦
ለአቶ ህብረት፣ ባሉበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ልልክ ስል በአባቴ ስም የተከፈተውን ኢሜይል ልዘጋው ገባሁና ከእናንተ የመጣ መልእክት አገኘሁ። ልመናቸውን ለኅትመት የተላከ ጽሑፍ ነው ብላችሁ ቆጥራችሁት ኖሯል፤ ድንቅ ሥራቸውን ስላካፈሏችሁ ከልብ አመስግናችሁ፣ በከፍተኛ ጥሞና ካነበባችሁት በኋላ፣ በዚህ ጊዜ ልታስተናግዱት አለመቻላችሁን ገልጻችኋል። ለደብዳቤ ሁሉ መልስ መስጠት ደንባቸው ስለነበር በእሳቸው ምትክ ደብዳቤያችሁ መድረሱን አረጋግጣለሁ። ቀጣይ ሥራቸውን በጉጉት እንደምትጠብቁም ጽፋችኋል። እናቴና እኔም እንዲሁ ነን።